ፊሽካ ለያዘ ሰው የተሰጠ አደራ



ካለፈው እትማችን በኋላ ከእናንተ መካከል አንዲት እናት፣ «የእርዳታ ድርጅት ለተራበ እህል፣ ለታመመ መድኃኒት ሲያቀርብ እናውቃለን። ለኳስ አሠልጣኞች የሦስት ቀን ትምህርት መስጠት ደግሞ ከየት የመጣ ነው?» ብለው ጠይቀውናል። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። እኛም ራሳችን ከጥቂት ዓመታት በፊት ይህንኑ ጠይቀን ነበር። መልሱን ያገኘነው ሜዳ ላይ ስለሆነ ነገሩን ከዚያው እንጀምራለን።

በምሥራቅ ጎጃም፣ በአማኑኤል፣ በቢቸናና በሞጣ አካባቢ፣ መኸሩ ተሰብስቦ ማሳው ባዶ ሲቀር ሜዳው ሁሉ የልጆች ይሆናል። ገና ሲቃረብ ዱላቸውን ቆልምመው ሩር ይለጋሉ፤ ከገና በኋላ ደግሞ ከአሮጌ ካልሲና ከፌስታል ጠቅልለው ያሰሩትን ኳስ ይዘው ይወጣሉ። ሁለት የባሕር ዛፍ እንጨት ከተተከለ ግብ ተሠራ ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ከመካከላቸው ፊሽካ ያንጠለጠለ አንድ አዋቂ ሰው ይቆማል። እርሱም የትምህርት ቤት መምህር፣ ቀድሞ ለወረዳው የተጫወተ ወጣት ወይም ሥራ ፈትቶ ከከተማ የተመለሰ ልጅ ሊሆን ይችላል። ደመወዝ የለውም። ልጆቹ «ጋሼ» ይሉታል፤ እርሱ ያለውን ይሰማሉ፣ አባታቸው ሲናገር ግን ላይሰሙ ይችላሉ።

እንዲህ ያለው ሰው ለአገራችን ያደረገውን መካድ አይቻልም። በአርሲ በቆጂ የስፖርት መምህር የነበሩት ስንታየሁ እሸቱ ከትምህርት ቤት ልጆች መካከል እነ ደራርቱ ቱሉንና ቀነኒሳ በቀለን አይተው ያሠለጠኑ ናቸው። ደራርቱ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር ወርቅ ስታገኝ፣ ከዚያ ወርቅ በስተጀርባ አንድ የገጠር ከተማ መምህርና አንድ አቧራማ ሜዳ እንደነበሩ መዘንጋት የለበትም። እኛም ለልጆች ጊዜውን የሚሰጥ ሰው በየሜዳው እንዲበዛ እንጂ እንዲያንስ አንፈልግም።

ነገር ግን አንድ ቅዳሜ የሆነውን እንንገራችሁ። በአማኑኤል አቅራቢያ በምንረዳቸው ልጆች መካከል ግጥሚያ ነበር። የ12 ዓመት ገደማ የሆነ ልጅ ኳስ በራሱ ሊመታ ሲዘል ከሌላው ልጅ ጋር ግንባር ለግንባር ተጋጨና ወደቀ። የእኛው በጎ ፈቃደኛ ሮጦ ደረሰ፣ ውኃ አፈሰሰበት፣ «አይዞህ፣ ወንድ ልጅ አይደለህም?» አለውና ወደ ጨዋታው መለሰው። እኛም ከዳር ቆመን አጨበጨብን። ልጁ ተጫውቶ ወደ ቤቱ ሄደ። ማታ ግን ደጋግሞ አስመለሰው፤ እናቱንም በሌላ ስም ጠራት። ሌሊቱን መኪና ለምነን ወደ ደብረ ማርቆስ ሐኪም ቤት አደረስነው። ልጁ ድኗል፤ ዛሬም ያው የማይደክም ልጅ ነው። ሐኪሙ ግን ለእኛ የተናገረውን አንረሳውም። «ከተጋጨ በኋላ ሜዳው ላይ የቆየው ጊዜ በሞት ሊያስጠይቃችሁ ይችል ነበር» አለን።

በመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ሳለን ስብከት እንዴት እንደሚዘጋጅ፣ የጉባኤ ቃለ ጉባኤ እንዴት እንደሚያዝ ሳይቀር ተምረናል። ራሱን የተመታ ልጅ ምን እንደሚደረግለት ግን አንድም ሰዓት አልተማርንም። ያ በጎ ፈቃደኛም አልተማረም። ልጁን ይወደው ነበር፤ የጎደለው ዕውቀት ነው።

ስለዚህ አሁን በሥልጠናችን ከሁሉ አስቀድመን የምናስተምረው ይህንን ነው። ራሱን የተመታ ልጅ በዚያ ቀን ወደ ጨዋታ አይመለስም። «ደኅና ነኝ» ቢል እንኳ አይመለስም፤ ልጅ መጫወት ሲፈልግ ሁልጊዜ ደኅና ነኝ ይላልና። ለአፍታም ቢሆን ራሱን ከሳተ፣ ካስመለሰው፣ ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ንግግሩ ከተዘበራረቀ፣ ከልክ በላይ እንቅልፍ ከተጫነው፣ ካንቀጠቀጠው ወይም የዓይኖቹ ብሌኖች እኩል ካልሆኑ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም መወሰድ አለበት። አንገቱን የሚያመው ከሆነ ደግሞ እንደ ልማዳችን በእጅና በእግሩ ይዞ ማንሣት አይገባም። ለወላጁም ሰው ልኮ መንገር ግዴታ ነው። በእኛ ልጅ ላይ የሆነው ዋናው ጥፋት እናቱ ሌሊት እስኪደርስ ድረስ አለማወቋ ነው። የልጅ አንጎል ከአዋቂው ይልቅ ቀስ ብሎ የሚያገግም ስለሆነ ልጁ ወደ ኳሱ የሚመለሰው ሐኪም ሲፈቅድለት፣ ያውም ደረጃ በደረጃ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጡት ነገሮች ቀላል ይመስላሉ። ግቡ መውደቅ የለበትም፤ በዓለም ላይ በደንብ ያልተተከለ ግብ ወድቆባቸው የሞቱ ልጆች አሉ፤ የእኛም የባሕር ዛፍ ግብ ልጆች ሲንጠላጠሉበት ይነቃነቃል። ሜዳው ከድንጋይና ከተሰበረ ጠርሙስ መጽዳት አለበት፤ ብዙዎቹ ልጆች የሚጫወቱት በባዶ እግራቸው ነው። መብረቅም አለ። ቢቸናና ሞጣ ከፍ ባለው ደጋ ላይ ያሉ ናቸው፤ ክረምት ሲገባ ከጮቄ ተራራ በኩል የሚመጣውን ነጎድጓድ የማያውቅ የለም። ነጎድጓዱ ሲሰማ ጨዋታው ይቁም፤ ልጆቹ ከብቸኛው ዛፍ ሥር ሳይሆን ወደ ትምህርት ቤቱ ክፍል ይግቡ፤ የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላም 30 ደቂቃ ይቆዩ። ይህን ስንናገር አንድ አሠልጣኝ «እናንተ ደግሞ ዝናብ ትፈራላችሁ» ብሎ ሳቀብን። ከጎኑ የነበረው ሰው ግን በመብረቅ ሁለት በሬ የሞተበት ገበሬ ስለነበር አልሳቀም።

የልጁ ድካም ከሜዳው በፊት እንደሚጀምር ማወቅም ያስፈልጋል። ከተማ ተቀምጦ የተጻፈ የስፖርት መጽሐፍ ልጁ ጠዋት ቁርሱን በልቶ፣ ትምህርቱን ተምሮ እንደመጣ አድርጎ ያስባል። የእኛ ልጅ ግን ውኃ ቀድቶ፣ ከብት አግዶ፣ አንድ ሰዓት በእግሩ ተጉዞ ትምህርት ቤት ደርሶ፣ ምናልባትም ጾሙን ውሎ ነው ወደ ሜዳ የሚመጣው። እንዲህ ያለውን ልጅ «ሰነፍ» ብሎ ተጨማሪ አምስት ዙር ማስሮጥ ግፍ ነው። አሠልጣኙ አስቀድሞ «ምን በላህ? ምን ሠርተህ መጣህ?» ብሎ ቢጠይቅ ብዙ ነገር ይረዳል። የስፖርት ሐኪሞች የአንድ ልጅ የሳምንት ልምምድ ሰዓት ከዕድሜው ቁጥር እንዳይበልጥ፣ ይኸውም የ11 ዓመት ልጅ ከ11 ሰዓት በላይ እንዳይለማመድ፣ በሳምንትም ቢያንስ አንድ ወይም ሁለት ቀን እንዲያርፍ ይመክራሉ። በእድገት ላይ ያለ አጥንት ጫፉ ገና ለጋ ነው። ልጁ ከጉልበቱ ሎሚ በታች ወይም ተረከዙ ላይ ሕመም ከተሰማው ከዚያ በላይ መግፋት አይገባም፤ ሲቀንስለት ይሻለዋል።

ስለ ዕድሜ ካነሣን ሌላም ነገር አለ። በአገራችን የልደት ምዝገባ በመላ አገሪቱ በመደበኛነት የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ስለዚህ ብዙ ልጆች የልደት ወረቀት የላቸውም። «ከ15 ዓመት በታች» በሚባል ውድድር ጢም ያቀነቀነ ወጣት ሲሰለፍ ብዙ ጊዜ አይተናል። የዓለም እግር ኳስ ፌዴሬሽን፣ ፊፋ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 በናይጄሪያ በተደረገው የ17 ዓመት በታች ዋንጫ የተጫዋቾችን የእጅ አንጓ በመሣሪያ ማስመርመር የጀመረው ችግሩ የዓለም ሁሉ ስለሆነ ነው። በእኛ ሜዳ እንዲህ ያለ መሣሪያ የለም፤ ያለው የአሠልጣኙ ሐቀኝነት ብቻ ነው። ዕድሜን መደበቅ ሁለት ጉዳት አለው። አንደኛ፣ ትልቁ ልጅ ትንሹን ይሰብረዋል። ሁለተኛ፣ ልጁ ከሚያከብረው ሰው አፍ መዋሸትን ይማራል፤ ይህ ደግሞ ከተሰበረ እግር ይልቅ ለመዳን ያስቸግራል።

ወደ ዱላው እንምጣ። ወላጆች ልጃቸውን ለመምህር ሲሰጡ «ሥጋው ያንተ፣ አጥንቱ የእኔ» የሚሉትን ሁላችንም ሰምተን አድገናል። አደራ መስጠታቸው ነው፤ ከአደራው ጋር ግን የመግረፍ ፈቃድ አብሮ ይሰጣል። አንዳንድ አሠልጣኝም በዚህ ፈቃድ ኳስ የሳተውን ልጅ በጥፊ ይመታል፣ በጉልበቱ ያንበረክካል፣ በጓደኞቹ ፊት ያዋርደዋል። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤቶችና በሕፃናት ማሳደጊያ ተቋሞች ከአካል ቅጣት ነፃ እንዲሆኑ ደንግጓል። እኛ ይህን ስንጠቅስ ሽማግሌዎች «እኛ ተገርፈን አይደል ሰው የሆንነው?» ይሉናል። አክብረናቸው እንሰማለን፤ ግን አንስማማም። በአባቶቻችን ባህል እንኳ በገና ጨዋታ ጌታ አይቆጣም ይባላል። ጨዋታ ሜዳ ላይ ቁጣ ቦታ እንደሌለው ያወቁት እኛ ከመምጣታችን በፊት ነው።

እስካሁን ያልነው ሁሉ አሠልጣኙ ቅን ሰው መሆኑን ታሳቢ አድርገን ነው። ቅን ያልሆነስ?

ይህን መጻፍ አስቸግሮናል፤ አንዳንዶቻችሁም በዚህ ጋዜጣ ላይ ማንበቡ ይከብዳችሁ ይሆናል። በእንግሊዝ አገር ባሪ ቤኔል የሚባል የታዳጊ ልጆች አሠልጣኝ ለብዙ ዓመታት የሥሩን ወንዶች ልጆች ሲያበላሽ ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2016 አንዲ ዉድዋርድ የተባለ የቀድሞ ተጫዋች ስሙን ሳይደብቅ በአደባባይ ከተናገረ በኋላ ሌሎች አያሌ ሰዎች ተከትለውት ተናገሩ። ቤኔል በ2018 በ50 ክሶች ጥፋተኛ ተብሎ 31 ዓመት ተፈረደበት። በዚያው ዓመት በአሜሪካ የጂምናስቲክ ቡድን ሐኪም የነበረው ላሪ ናሳር ሲፈረድበት ከ150 በላይ ሴቶች በችሎት ቆመው የደረሰባቸውን ተናግረዋል። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ልጆች ሳሉ ለአዋቂ ተናግረው ነበር፤ የሚያምናቸው ግን አጡ። ሐኪሙ ታዋቂ ነው፣ ቡድኑም ወርቅ ያመጣል። እኛም «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» የምንል ሕዝብ ነን። ልጅ የተናገረውን ሳንመዝን እንጥላለን።

እነዚያ ሰዎች የሄዱበትን መንገድ ስናጠና ሁሉም ተመሳሳይ ሆኖ አገኘነው። መጀመሪያ ልጁ ላይ የተለየ ፍቅር ይታያል፤ ጫማ ይገዛለታል፣ የስልክ ካርድ ይሞላለታል። ከዚያ «አዲስ አበባ ክለብ አስገባሃለሁ» ይባላል። ከዚያ ምስጢር ይመጣል፤ «ይህን ለሌላ አትናገር» የሚለው ቃል። በድህነት ላለ ቤተሰብ ይህ ሁሉ የተሰጠ ጸጋ ይመስላል፤ ማን «እንቢ» ይላል? ስለዚህ እኛ የምንለው፣ ስጦታ ለአንድ ልጅ በስውር አይሰጥም፤ ጫማ ካለ በወላጆች ፊት ለቡድኑ ሁሉ ይሰጥ። አሠልጣኙ ከአንድ ልጅ ጋር ብቻውን በተዘጋ ክፍል አይቀመጥ። ለልጁ በስልክ መልእክት መላክ ሲያስፈልገው ለወላጁ ይላክ። የተጎዳን እግር ማሸት ካስፈለገ ሌላ አዋቂ ሰው ባለበትና ልጁ ፈቅዶ ይሁን።

ለውድድር ወደ ደብረ ማርቆስ ሲኬድ ልጆች በትምህርት ቤት ክፍል ወለል ላይ ሰሌን አንጥፈው ያድራሉ። እዚህ ላይ ጥብቅ ነን። ወንዶችና ሴቶች ለየብቻ ያድራሉ፤ ከሴቶቹ ጋር የምታድር ሴት ኀላፊ ካልተገኘች ሴቶቹ አይሄዱም። ይህ ውሳኔ አንድ ጊዜ ጎበዝ የሆኑ አራት ልጃገረዶችን ከውድድር አስቀርቶብናል። አልቅሰዋል። እኛም አብረን አዝነናል፤ በሚቀጥለው ዓመት ግን ሁለት እናቶች አብረው ሄዱ።

ስለ ሴቶች ልጆች ጥቂት እንጨምር። በእኛ አካባቢ ልጃገረድ ከልምምድ ስትመለስ ከመሸባት መንገድ ላይ የሚጠብቃት አደጋ የታወቀ ነው። ስለዚህ የሴቶች ልምምድ ፀሐይ ሳትጠልቅ እያንዳንዷ ቤቷ እንድትደርስ ሆኖ ይያዛል፤ ከሩቅ የሚመጡትም በቡድን ይሸኛሉ። የቤተሰብ ሕጉ ለጋብቻ 18 ዓመት ቢልም፣ ልጅ ተደፈረች ወይም «ስሟ ጠፋ» ሲባል ብዙ ቤተሰብ ነገሩን በጋብቻ ለመሸፈን ይቸኩላል። በአማራ ክልል ሞሰቦ በምትባል የገጠር ቀበሌ ከ1996 እስከ 1998 ዓ.ም. «ብርሃነ ሔዋን» የተሰኘ ሥራ በክልሉ የወጣቶችና ስፖርት ቢሮና በፖፑሌሽን ካውንስል ተሞክሮ ነበር። ልጃገረዶቹ በአዋቂ ሴቶች መሪነት በቡድን ይሰበሰባሉ፣ ትምህርታቸውን እንዲቀጥሉ ይደገፋሉ፤ ሁለት ዓመት ሳይዳሩ ከቆዩም ቤተሰቡ ፍየል ይሸለማል። በጥናቱ ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት ልጃገረዶች ጋብቻ በእጅጉ ቀንሶ ተገኝቷል። ሥራው የኳስ ሥራ አልነበረም፤ እኛ ግን ከእርሱ አንድ ነገር ወሰድን፤ በልጃገረዶች ዙሪያ የታመነች አዋቂ ሴት ከሌለች የሚጠብቅ ሰው የለም።

ጥፋት ሲደርስስ? በዚህ ላይ ከአካባቢው ጋር የተጋጨነው በሽምግልና ጉዳይ ነው። ሽምግልና የተከበረ ሥርዓት ነው፤ የመሬት ጠብ፣ የደም ጠብ ያበርዳል። ነገር ግን በልጅ ላይ የተፈጸመ የግብረ ሥጋ በደል በካሳ ወይም በጋብቻ የሚያልቅ ነገር አይደለም። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ከ18 ዓመት በታች በሆነ ልጅ ላይ የሚፈጸመውን ይቀጣል፤ ልጁ ተማሪው ወይም በአደራ የተሰጠው ሲሆን ደግሞ ቅጣቱን ያከብደዋል። ስለዚህ የሰማ ሰው ራሱ መርማሪ ልሁን ሳይል ልጁን ያዳምጥ፣ «አምንሃለሁ» ይበለው፣ ለፖሊስና ለወረዳው የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ያመልክት። የአስገድዶ መድፈር ጉዳይ ከሆነ ልጁ ሳይዘገይ፣ በ72 ሰዓት ውስጥ ጤና ተቋም መድረስ አለበት፤ የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት ከዚያ በኋላ አይጠቅምምና።

ይህ ሁሉ ዋጋ አለው። በአንዱ ቦታ ከሁሉ የተሻለ አሠልጣኝ ነበረን። ከሩቅ የሚመጡ ልጆችን ቤቱ ያሳድር ነበር። አንድም ልጅ ቅሬታ አላቀረበበትም፤ እኛም ክፉ ነገር አላየንበትም። ሆኖም ደንቡ ለሁሉ ነውና ልጆች ቤቱ እንዳያድሩ ጠየቅነው። «እኔን እንደ ሌባ ቆጠራችሁኝ?» አለ፤ ፊሽካውን ጠረጴዛችን ላይ አስቀምጦ ወጣ። ቡድኑ ተበተነ። ልጆቹ ለወራት አኮረፉን። እስከ ዛሬ ድረስ አንዳንዶቻችን ጥቂት ቀን ታግሰን፣ ቀስ ብለን፣ ቡና አፍልተን ብንነጋገር ኖሮ አይሄድም ነበር እንላለን። ደንቡን መጠየቃችን አያጸጽተንም፤ የጠየቅንበት መንገድ ግን ያጸጽተናል። አሁን ማንም ሰው ከልጆች ጋር ሥራ ከመጀመሩ በፊት ደንቡን አንብቦ ይፈርማል፤ ስለ እርሱም ሁለት ሰዎች ይጠየቃሉ። መጀመሪያ ላይ የተነገረው ሰው አይቀየምም።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ግጭት አያሌ ትምህርት ቤቶች ሳያስተምሩ ቆይተዋል። መምህር የማያያቸው ልጆች ወደ ሜዳ ይሄዳሉ፤ ሜዳው ላይ ማን እንደሚጠብቃቸው ግን የሚጠይቅ የለም። ለዚህ ነው፣ የተከበሩ እናታችን፣ ከእህሉና ከመድኃኒቱ ጋር ለእነዚህ ሦስት ቀናት ወጪ የምናደርገው።

ከአማኑኤል ሜዳዎች በአንዱ አሁን ሁለት እናቶች በየልምምዱ እንዝርታቸውን ይዘው ዳር ተቀምጠው ጥጥ ይፈትላሉ። አሠልጣኙ ብቻውን እንዳይሆን ብለን የለመንናቸው እኛ ነን። ኳሱን አያውቁትም፤ አንደኛዋ እስከ ዛሬ የትኛው ግብ የማን እንደሆነ ትጠይቃለች። ባለፈው ግን በጨዋታው መካከል ብድግ ብላ፣ «አንተ፣ ያ ቀጭኑ ልጅ እያነከሰ ነው፤ አስወጣው እንጂ!» ብላ ጮኸች። አሠልጣኙ ፊሽካውን ነፋ፤ ልጁም ወጥቶ ከጎኗ ተቀመጠ።